እሳትን በሚዛን የመረመረ ሰው፤ የአንቷን ላቯዚዬ የሕይወት ታሪክ

በሽሮ ሜዳ ያደገ ሰው ሁሉ የእንጦጦን እንጨት ያውቃል። እናቶቻችንና እኅቶቻችን ለረዥም ዘመን ከጫካው እየለቀሙና እየቆረጡ፥ ወገባቸው እስኪጎብጥ ተሸክመው፥ በዚያ ቁልቁለት ወደ ከተማ ሲያወርዱት ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ ባሕር ዛፍ ከውጭ አገር መጥቶ እንዲተከል ካደረጉ ወዲህ የአዲስ አበባ ምድጃ የሚነደው በዚሁ ዛፍ ነበረ። የሸክሙን ክብደት ከተሸካሚዋ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ዳሩ ግን ያ ሁሉ ሸክም እንጀራ ተጋግሮበት፥ ወጥ ተሠርቶበት ካበቃ በኋላ ምድጃው ውስጥ የሚቀረው ተጠርጎ የሚጣል ጥቂት አመድ ነው። የቀረው ወዴት ሔደ?

ይህን ብንጠይቅ ብዙ ሰው እሳት በላው ብሎ ይመልስልናል። መልሱ ለጨዋታ ይበቃል፤ ለኬሚስትሪ ትምህርት ግን አይበቃም። የሚበላ ሁሉ ይከብዳልና፥ እሳት እንጨቱን ከበላው የእንጨቱ ክብደት የት ተቀመጠ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ይህንን አጥብቆ ጠይቆ፥ ሚዛን ተክሎ፥ ዕቃውን ከድኖ መልሱን ካገኙት ሰዎች ዋነኛው ፈረንሳዊው አንቷን ሎራን ላቯዚዬ ነው። የምንማረው በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ስለ ሆነ ስሙን ላቮይሲየር እያልን የምናነብ ብዙዎች ነን፤ የአገሩ ሰዎች ግን ላቯዚዬ ይሉታል። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ላቯዚዬ በኦገስት 26 ቀን 1743 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ተወለደ። አባቱ የሕግ ሰው፥ ኑሮውም የደላው ነበረ። እናቱ ልጅዋ አምስት ዓመት ሲሆነው ስለ ሞተች ያሳደገችው የእናቱ እኅት ናት። ማዛረን በተባለው የታወቀ ትምህርት ቤት ገብቶ ከላቲንና ከንግግር ትምህርት ጋር ሒሳብንና ሥነ ፈለክን ተማረ፤ ከመምህራኑም አንዱ የሰማይን ከዋክብት በመመዝገብ ስሙ የገነነው ላካይ ነበረ። ቀጥሎ እንደ አባቱ ፈቃድ ሕግ አጥንቶ በ1764 ጨረሰ። ጥብቅና ግን አልሠራበትም። ገና ተማሪ ሳለ ሩዌል የሚባል መምህር በአደባባይ የሚሰጠውን የኬሚስትሪ ትምህርት እየሔደ ይሰማ ስለ ነበረ ልቡ ወደዚያው አድልቷል። ጌታር ከተባለ የድንጋይና የመሬት መርማሪ ጋርም አገር ለአገር እየዞረ ድንጋይ ሰብስቧል።

የመጀመሪያ ጽሑፉን ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ያቀረበው በ1765 ሲሆን፥ ጽሑፉ ስለ ጀሶ ነበረ። ጀሶ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ድንጋዩ በአባይ በረሃ ይገኛል፤ ዱቄቱን ግድግዳ ለሚለስን ሰው፥ እጁ ተሰብሮ ሐኪም ቤት ለሔደ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ድንጋዩ በእሳት ሲጠበስ ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄቱ በውሃ ሲለወስ መልሶ ይደነድናል። ለምን ይሆን? ላቯዚዬ ጀሶውን አሙቆ የሚወጣውን እንፋሎት አጠራቀመና ውሃ መሆኑን አየ፤ ውሃውንም ለካው። ቀጥሎም ዱቄቱ በሚደነድንበት ጊዜ መልሶ የሚጠጣው ውሃ አስቀድሞ ካጣው ጋር የሚስተካከል መሆኑን አረጋገጠ። የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነበረ። እንደ እኛ አስተያየት የኋላ ሥራው ሁሉ በዚህች በጀሶ ሥራ ውስጥ አስቀድሞ ይታያል፤ የወጣውን መመዘን፥ የገባውን መመዘን፥ ሁለቱን ማስተያየት።

በ1768 ሁለት ነገሮች ሆኑለት። አንደኛው ገና በሃያ አራት ዓመቱ ለአካዳሚው አባልነት መመረጡ ነው። ሁለተኛው ከእናቱ በወረሰው ገንዘብ ፌርም ዤኔራል በሚባለው ማኅበር ውስጥ ድርሻ መግዛቱ ነው። ይህ ማኅበር የንጉሡን ቀረጥ በውል ወስዶ የሚሰበስብ የባለጸጎች ማኅበር ነው። ለንጉሡ የተወሰነ ገንዘብ ያስገባል፤ ከጨው፥ ከትምባሆ፥ ወደ ፓሪስ ከሚገባውም ሸቀጥ በየኬላው ቀረጥ ይሰበስባል፤ ትርፉ የአባላቱ ነው። ኬላ ምን እንደ ሆነ፥ ኬላ ጠባቂም በሕዝብ ዘንድ ምን ያህል እንደሚወደድ የአገራችን አንባቢ ያውቃል። ላቯዚዬ ለቤተ ሙከራው የሚያወጣውን ብዙ ገንዘብ ያገኘው ከዚህ ነው፤ ሞቱም የመጣበት ከዚሁ ነው።

ከገንዘቡ ሌላ ግን አንድ ልማድ ከዚያ አግኝቷል ብለን እናስባለን። ቀረጥ ሰብሳቢ ገቢና ወጪውን በሁለት ዓምድ ጽፎ፥ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ አንድ ነገር ተደብቋል ብሎ ይፈልጋል እንጂ ገንዘብ ተነነ ብሎ አይዘጋውም። በሽሮ ሜዳ ለሸማኔ ፈትል መዝና የሰጠች እናትም እንዲሁ ናት። ድሩና ማጉ ተሸምኖ ኩታ ሲሆን መልኩ ተለወጠ፥ ፈትሉ ግን ያው ነው፤ ኩታው ቀልሎ ቢገኝ ፈትሉ ጠፋ ሳይሆን የት ቀረ ትላለች። ላቯዚዬ ይህንኑ የሒሳብ መዝገብ ወደ እሳትና ወደ ብልቃጥ አዛወረው። ፍሬሺን በሚባለው የእርሻ ቦታውም የዘራውንና ያጨደውን በየዓመቱ እየለካ ይመዘግብ ነበረ።

ከአባልነቱ በኋላ ካደረጋቸው ሙከራዎች የመጀመሪያው ውሃን ይመለከታል። በዚያ ዘመን ውሃ ብዙ ጊዜ ከተፈላ ወደ አፈር ይለወጣል የሚሉ ሊቃውንት ነበሩ። በመስታወት ዕቃ ንጹሕ ውሃ ሲፈላ በመጨረሻ ሥሩ ላይ ደለል ስለሚገኝ በዓይናቸው ያዩትን ነው የተናገሩት። ላቯዚዬ እንፋሎቱ ወጥቶ እንዳይጠፋ ተመልሶ ወደ ሆዱ የሚገባበት ባለ ሁለት ክንድ የመስታወት ዕቃ አሠርቶ፥ ዕቃውን ባዶውን መዘነ፤ ውሃውን ጨምሮ መዘነ፤ አፉን ደፍኖ ከኦክቶበር 1768 ጀምሮ 101 ቀን በእሳት ላይ አኖረው። ደለሉ ታየ። የጠቅላላው ክብደት ግን አልተለወጠም። ዕቃውን ከፍቶ አድርቆ ብቻውን ቢመዝነው መስታወቱ ቀልሎ አገኘው። ስለዚህ ደለሉ ከውሃው አልመጣም፤ ውሃው በሦስት ወር መፍላት መስታወቱን ቀስ በቀስ አሟሙቶት ኖሯል። ለአንድ ጥያቄ 101 ቀን እሳት መጠበቅ ቀላል ትዕግሥት አይደለም፤ በየሳምንቱ የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜያችን የሚያጥርብን እኛ ተማሪዎች ይህን ስናነብ ተገርመናል።

አሁን ወደ እሳቱ እንመለስ። በዘመኑ የገነነው ትምህርት የጀርመናዊው የሽታል ትምህርት ነበረ። በእርሱ አሳብ በሚነድ ነገር ሁሉ ውስጥ ፍሎጂስቶን የሚባል የማይታይ ነገር አለ፤ ነገሩ ሲቃጠል ይህ ፍሎጂስቶን ይወጣል፤ የሚቀረው አመድ ነው። እንጨት ተቃጥሎ አመዱ መቅለሉን ላየ ሰው ትምህርቱ እውነት ይመስላል። በብረታ ብረት ላይ ግን ችግር ነበረበት። እርሳስ ወይም ቆርቆሮ የሚሠራበት ነጩ ብረት በእሳት ሲቃጠል ወደ ዱቄት ይለወጣል፤ ይህ ዱቄት ግን ከብረቱ ይከብዳል። አንድ ነገር ወጥቶ ሔዶ ሳለ ቀሪው እንዴት ይከብዳል? አንዳንዶቹ ፍሎጂስቶን ክብደቱ ከምንም በታች ነው እስከ ማለት ደረሱ።

በ1772 ላቯዚዬ ድኝንና ፎስፎረስን አቃጥሎ የሚገኘው ከመጀመሪያው እንደሚከብድ፥ በሚነዱበትም ጊዜ ብዙ አየር እንደሚጠጡ አየ። ነገሩ ታላቅ እንደ ሆነ ስለ ገባው፥ ሌላ ሰው እንዳይቀድመው በኖቬምበር 1 ቀን በወረቀት ጽፎ አሽጎ ለአካዳሚው ጸሓፊ አስረከበ። በ1774 ደግሞ ያንኑ ነጭ ብረት በመስታወት ዕቃ ውስጥ አግብቶ አፉን አቅልጦ ዘጋና መዘነው። ከዚያም ብረቱ እስኪቃጠል ድረስ አሞቀው። ሲቀዘቅዝ መልሶ ቢመዝነው ክብደቱ እንደ ነበረ ነው፤ አልጨመረም፥ አልቀነሰም። አፉን ሲሰብረው አየር እየጮኸ ገባ፤ ያን ጊዜ ክብደቱ ጨመረ። የጨመረውም ብረቱ በመቃጠሉ ከጨመረው ክብደት ጋር የሚመጣጠን ሆነ። እንግዲህ ብረቱን ያከበደው ከእሳቱ የመጣ ነገር አይደለም፤ በዕቃው ውስጥ የነበረው አየር ነው እንጂ።

ለእውነት እንድንታመን ሌሎችንም ማንሣት አለብን። ዣን ሬ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1630 ብረቱን የሚያከብደው አየር ነው ብሎ ጽፎ ነበረ። የሩሲያው ሊቅ ሎሞኖሶቭም በ1756 በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ብረት አሙቆ፥ ውጭ አየር ካልገባ ክብደቱ እንደማይለወጥ አይቷል። ይህ ሕግ በአንድ ቀን ከአንድ ሰው ራስ የወጣ አይደለም። የላቯዚዬ ድርሻ በሙከራ ሁሉ ላይ ሕጉን ሳያወላውል ማዋሉና የኬሚስትሪ መሠረት ማድረጉ ነው።

የትኛው የአየር ክፍል ከብረቱ ጋር እንደሚዋሐድ ግን ገና አላወቀም ነበር። በኦክቶበር 1774 እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ ወደ ፓሪስ መጥቶ በላቯዚዬ ቤት ማዕድ ላይ ተቀመጠ፤ ከቀዩ የባዜቃ ዱቄት ሻማን አድምቆ የሚያበራ አየር እንዳገኘም ተናገረ። የስዊድኑ መድኃኒት ቀማሚ ሼሌም ይህንኑ አየር ለብቻው አግኝቶ በዚያው ሰሞን ለላቯዚዬ ደብዳቤ ልኮለታል። ላቯዚዬ ነገሩን ይዞ ሠራበት፤ ለሁለቱ የሚገባቸውን ምስጋና ግን በጊዜው አልሰጠም። ስለ ታላቅነቱ በምንጽፍበት ገጽ ላይ ይህንንም መጻፍ ግድ ነው፤ ሌላውን ሁሉ አጥብቆ የመዘነ ሰው በዚህ ነገር ሚዛኑ አድልቶበታል።

ዝነኛ ሙከራው እንዲህ ነበረ። 4 አውንስ ባዜቃ፥ ማለት ወደ 122 ግራም፥ አንገቱ ረዥምና ቆልማማ በሆነ የመስታወት ዕቃ ውስጥ አደረገ። የአንገቱን ጫፍ በባዜቃ ገበታ ላይ በተደፋ የመስታወት ክዳን ሥር አስገባው፤ እንዲህም ወደ 50 ኪዩቢክ ኢንች የሚሆን አየር ከውጭው ተለይቶ ተዘጋ። ባዜቃውን 12 ቀንና 12 ሌሊት አሞቀው። በላዩ ቀይ ቅርፊት እየተንሳፈፈ ታየ፤ አየሩም ወደ 42 ወይም 43 ኪዩቢክ ኢንች ወረደ። በቀረው አየር ውስጥ ሻማ ጠፋ፥ እንስሳም ታፈነ። ቀዩን ቅርፊት ለብቻው ሰብስቦ ቢመዝነው 45 ግሬን ሆነ፤ አጥብቆ ሲያሞቀው 41 ተኩል ግሬን ባዜቃና 7 ወይም 8 ኪዩቢክ ኢንች አየር ተመልሶ ወጣ። ይህ አየር ሻማን እጅግ ያበራል። ከቀረው ከሚያፍነው አየር ጋር ቢቀላቅለው እንደ ተራው አየር ሆነ። ያን የሚያነድ አየር ኦክሲጅን ብሎ ሰየመው። ትርጓሜው ኮምጣጣን የሚያስገኝ ማለት ነው፤ አሲድ ሁሉ ከኦክሲጅን የሚመጣ መስሎት ነበርና። በዚህ ተሳስቷል፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ ቀረ።

እነሆ የምድጃችን እንጨት ምስጢር ተገለጠ። እንጨቱ በአብዛኛው ካርቦን፥ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ነው። ሲነድ ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ እንፋሎት ይሆንና በጢሱ መውጫ ይሔዳል፤ ሊነድ የማይችለው ማዕድን አመድ ሆኖ ይቀራል። ጢሱንና እንፋሎቱን ሁሉ በአንድ ከረጢት አጠራቅመን ከአመዱ ጋር ብንመዝነው፥ ከእንጨቱ ቀልሎ ሳይሆን ከብዶ በተገኘ ነበር፤ ከአየሩ የወሰደው ኦክሲጅን አለበትና።

ይህን በከሰል ላይ በቁጥር ማየት ይቻላል። 12 ግራም ንጹሕ ካርቦን 32 ግራም ኦክሲጅን ወስዶ 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። አንድ ኪሎ ቢነድ ከሦስት ኪሎ ተኩል በላይ ጋዝ ይወጣል ማለት ነው። በእንጦጦ ሥር ሌሊቱ ይበርዳል። የከሰል ማንደጃውን ወደ ቤት አግብቶ፥ በርና መስኮት ዘግቶ የሚተኛ ሰው ከሰሉ አልቆ ጠፋ ይላል፤ አልጠፋም፥ ከእርሱ ጋር በክፍሉ ውስጥ ነው። ከዚህም የከፋ አለ። አየሩ ሲያንስ 12 ግራም ካርቦን 16 ግራም ኦክሲጅን ብቻ አግኝቶ 28 ግራም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። ላቯዚዬ ከሞተ በኋላ የመጡ ሊቃውንት የለዩት ይህ ጋዝ ሽታም መልክም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይዞ ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል። በከተማችን በዚህ የሞቱ ሰዎች አሉ። ፍሙ ጢስ ስለማይታይበት ንጹሕ ይመስላል እንጂ፥ ማንደጃው ውጭ ማደር አለበት።

እስትንፋስም ቀስ ያለ መቃጠል መሆኑን ያስረዳው ይኸው ሊቅ ነው። ከሒሳብ ሊቁ ከላፕላስ ጋር በ1782 እና በ1783 ክረምት ጊኒ ፒግ የምትባለውን ትንሽ እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አኑረው፥ ሙቀትዋ ያቀለጠውን በረዶና የተነፈሰችውን ጋዝ ለክተው ከከሰል መቃጠል ጋር አስተያዩት።

ስለ ባለቤቱ ሳንናገር ብናልፍ ግማሹን ታሪክ እንተወዋለን። ማሪ አን ፖልዝ የቀረጥ ማኅበሩ አባል ልጅ ስትሆን በ1771 ሲያገባት አሥራ አራት ዓመት አልሞላትም ነበር። ይህ በዛሬ ዓይን የሚያሳዝን ነው፤ በአገራችንም ስንት ልጃገረድ በዚህ ዕድሜ ተድራ ከትምህርት እንደ ቀረች እናውቃለን። እርስዋ ግን ከጋብቻዋ በኋላ ተማረች። ባልዋ እንግሊዝኛ ስለማያነብ እንግሊዝኛ ተምራ የእንግሊዞችን የኬሚስትሪ ጽሑፍ ተረጎመችለት፤ ስለ ፍሎጂስቶን የተጻፈውን የኪርዋንን መጽሐፍ ተርጉማ በ1788 አሳተመች። ከታላቁ ሠዓሊ ከዳቪድ ሥዕል ተምራ የቤተ ሙከራውን ዕቃዎች በየመጠናቸው ሣለች፤ በባልዋ ዋና መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ሥዕሎች የእርስዋ ናቸው። በሙከራው ሰዓት ቁጥሩን ትመዘግብ ነበር። ዳቪድ በ1788 ባልና ሚስቱን አንድ ላይ የሣለው ሥዕል ዛሬ በኒው ዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል።

ከ1775 ጀምሮ ላቯዚዬ የመንግሥት ባሩድ አስተዳዳሪ ሆኖ በአርሰናል ግቢ ይኖር ነበረና፥ ቤተ ሙከራውን እዚያ አደራጀ። ፎርታንና ሜንዬ የተባሉ ባለሙያዎች በዘመኑ እጅግ ጥንቁቅ የሆኑ ሚዛኖችን ሠሩለት። በ1783 ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ሲነዱ ውሃ እንደሚሆኑ አሳየ፤ በ1785 ደግሞ ከመኮንኑ ከመኒዬ ጋር በብዙ ምስክሮች ፊት ውሃን ለያይቶ መልሶ ገጠመ። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ በ1787 ለኬሚስትሪ አዲስ የስም አሰጣጥ አወጣ። ዛሬ ኦክሳይድ፥ ሰልፌት እያልን የምንሸመድደው ከዚያ የመጣ ነው።

ዋናው መጽሐፉ፥ የኬሚስትሪ መሠረታዊ ትምህርት፥ በ1789 ወጣ። 33 መሠረታዊ ነገሮችን ይዘረዝራል፤ ከእነርሱ ውስጥ ብርሃንና ሙቀት መኖራቸው ዛሬ ያስገርመናል። አስተማሪዎቻችን በሰሌዳ ላይ የሚጽፉልንን ሕግ ግልጥ አድርጎ ያስቀመጠው በዚህ መጽሐፍ ነው። ሕጉ የተጻፈው ስለ ብረት ወይም ስለ እሳት በሚናገረው ክፍል እንዳይመስላችሁ፤ የወይን ጠጅ እንዴት እንደሚፈላ በሚናገረው ምዕራፍ ነው! በየትኛውም ለውጥ ከለውጡ በፊት የነበረው መጠነ ቁስና በኋላ የሚገኘው እኩል መሆኑን፥ የኬሚስትሪም ሙከራ ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ መሆኑን እዚያ ገለጠ። ቀጥሎም በአንድ ወገን ስኳሩንና ውሃውን፥ በሌላው ወገን አልኮሉንና ጋዙን አድርጎ እንደ ሒሳብ አስተካከላቸው። በመማሪያ ደብተራችን ግራና ቀኙን የምናመዛዝነው የኬሚስትሪ ቀመር ከዚህ ይጀምራል።

ጠላ ወይም ጠጅ በቤቱ የተጠመቀ ሰው ይህን ምዕራፍ ባያነበውም ያውቀዋል። ጋኑ ሲፈላ የሚሰማው መንሿሿት፥ በላዩም የሚኮፈሰው አረፋ ጋዙ ሲወጣ ነው። ዛሬ በምናውቀው ልክ 180 ግራም የግሉኮስ ስኳር ሲፈላ 92 ግራም አልኮልና 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። የማሩ ጣፋጭነት ግማሽ ያህሉ ማንም ሳይጠጣው አየር ሆኖ ይሔዳል። የኋላ ሰዎች የላቯዚዬን የፍላት ቁጥሮች መርምረው መዝገቡ እንደሚታየው ያህል ጥንቁቅ እንዳልነበረ አይተዋል፤ ሕጉን አምኖ የጎደለውን በሕጉ የሞላበት ስፍራ አለ። ሕጉ ግን ጸና።

ነገሩን ለመፈተን ለሚፈልግ ሰው ቀላል መንገድ አለ። በወፍራም የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ጥቂት የሎሚ ጭማቂ አድርጎ፥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ በወረቀት ጠቅልሎ ጨምሮ፥ ወዲያው ክዳኑን አጥብቆ የግራም ክፋይ በሚያሳይ ሚዛን መመዘን ነው። ውስጡ ይፈላል፤ ጠርሙሱ ይጠነክራል፤ ሚዛኑ አይንቀሳቀስም። ክዳኑ ሲከፈት ግን ሽው ብሎ ይወጣና ሚዛኑ ይቀላል። ላቯዚዬ 101 ቀን የደከመበት በአምስት ደቂቃ ይታያል።

መጽሐፉ በወጣበት ዓመት የፈረንሳይ አብዮት ተነሣ። ላቯዚዬ አብዮቱን አልጠላም። በዚያው በችግሩ ዘመን ለብሎዋ ከተማ የእህል መግዣ ገንዘብ አበድሯል፤ ሜትርና ኪሎግራምን ባወጣው የመለኪያ ጉባኤ ውስጥም አባል ሆኖ፥ ከአዩይ ጋር የተወሰነ ውሃ ክብደትን መዝኗል። ነገር ግን ቀረጥ ሰብሳቢነቱ አልተረሳም። ሸቀጥ ያለ ቀረጥ እንዳይገባ ፓሪስን የከበበው ግንብ የተሠራው በእርሱ አሳብ ነበረ፤ ሕዝቡም ግንቡን አምርሮ ይጠላው ነበር። በ1780 ዣን ፖል ማራ ስለ እሳት የጻፈውን መጽሐፍ አካዳሚው እንዳላጸደቀው ላቯዚዬ አስታውቆ ነበረና፥ ማራ በአብዮቱ ጊዜ በጽሑፉ አጥብቆ ከሰሰው። ያስገደለው ማራ ነው የሚሉ አሉ፤ ይህ ልክ አይደለም፤ ማራ ራሱ የተገደለው ላቯዚዬ ከመታሰሩ አስቀድሞ በጁላይ 1793 ነው።

በኦገስት 1793 አካዳሚው ተዘጋ። በኖቬምበር ቀረጥ ሰብሳቢዎቹ ሁሉ እንዲያዙ ታዘዘ፤ ላቯዚዬ ጥቂት ቀን ተሸሽጎ እጁን ሰጠ። ክሱ ከሚገባ በላይ ማትረፍና በትምባሆ ውስጥ ውሃ ጨምሮ መሸጥ የሚሉትን የያዘ ነበረ። ማኅበሩ ድኻውን ማስመረሩ ሐሰት አይደለም፤ ላቯዚዬም ከትርፉ ተካፍሏል። ዳሩ ግን ፍርድ ቤቱ የእያንዳንዱን ሰው ሥራ ለይቶ አልመረመረም። በሜይ 8 ቀን 1794 ጠዋት ቀርበው በዚያው ቀን 28 ሰዎች በጊዮቲን አንገታቸው ተቆረጠ። የሚስቱ አባት ሦስተኛ፥ ላቯዚዬ አራተኛ ነበሩ። ዕድሜው 50 ዓመት ነበረ፤ ሬሳውም በጅምላ ጉድጓድ ተቀበረ። ዳኛው ስለ ሊቃውንት ተናገረው እየተባለ የሚወራውን የንቀት ቃል የታሪክ መርማሪዎች ስለሚጠራጠሩት እኛም አልጻፍነውም።

ሕጉን ሌሎች መፈተናቸውን አላቋረጡም። ጀርመናዊው ላንዶልት ከ1890ዎቹ እስከ 1908 ድረስ በተዘጉ ዕቃዎች ብዙ ለውጦችን መዝኖ ሚዛኑ ሊለየው የሚችል ልዩነት አላገኘም። አልበርት አይንሽታይን በ1905 ጉልበትና መጠነ ቁስ የተያያዙ መሆናቸውን ስላሳየ፥ ሙቀት ሲወጣ መጠነ ቁስም እጅግ በጥቂቱ ይቀንሳል፤ አንድ ኪሎ ካርቦን ሲነድ ግን ቅናሹ ከአንድ ግራም ሚሊዮንኛ እጅ ግማሽ እንኳ አይሞላም። በአቶም ኃይል ማመንጫ ካልሆነ በቀር በማንደጃም በብልቃጥም የላቯዚዬ ሒሳብ ይሠራል።

ሚስቱ በዚያው ዓመት ለጥቂት ጊዜ ታስራ ተፈታች። የተወረሰው ንብረትና መጻሕፍቱ በኋላ ተመለሱላት። ባልዋ በእስር ቤት ሳለ ያሰናዳቸውን ያልተፈጸሙ ጽሑፎች ሰብስባ አሳትማ በገዛ ገንዘብዋ ለሊቃውንት አደለች። ራምፎርድ የተባለውን ሌላ የሳይንስ ሰው በ1805 አግብታ በ1809 ተለያዩ። ቤትዋን ለሊቃውንት መሰብሰቢያ አድርጋ ኖራ በ1836 ሞተች። የቤተ ሙከራውን ዕቃዎች ጠብቃ አቆይታቸው ስለ ነበረ ብዙዎቹ ከነሚዛኖቹ ዛሬ በፓሪስ በጥበባትና ሙያ ሙዚየም ተቀምጠዋል።